ቁጢጥ ያለው አዛዥ

የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ክብ አሰመረና እያንዳንዱ ልጅ ሊጫወትበት በሚፈልገው ቦታ እንዲቆም አዘዘ። ኳስ ወርዋሪ መሆን የፈለገው ብዙ ነው፤ በየክቡ ተጋፍተው ቆሙ። የቀላቢው ክብ ብቻ ባዶውን ቀረ። ሮይ ካምፓኔላ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲተርክ እንደነገረን፣ ሄዶ እዚያ የቆመው ቦታውን ወዶት ሳይሆን የሚሻማው ሰው ስላልነበረ ነው። ከተማው ፊላደልፊያ፣ ጊዜው የ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክቡ ባዶ መቅረቱ አያስገርምም። በቤዝቦል ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ያህል ርቆ፣ ጉብታ ላይ ቆሞ፣ ጠንካራዋን ኳስ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ያስወነጭፋታል። አሜሪካኖች «ካቸር» የሚሉት ቀላቢ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃታል። መቺው ከሳታት ችግር የለም፣ ጓንቱ ውስጥ ትገባለች። ዱላው ጨርፎ አቅጣጫዋን ካስቀየራት ግን ጣቱን፣ ጉልበቱን ወይም ጉሮሮውን ታገኘዋለች። ለዚህ ሲል የብረት ጭምብል፣ የደረት መከላከያና የቅልጥም መከላከያ ደራርቦ በአሜሪካው የሐምሌ ሙቀት ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ይነሣል፣ ይቀመጣል። ጉልበቱ አርባ ዓመት ሳይሞላው ያረጃል።

ታዲያ ከዘጠኙ ተጫዋቾች ሜዳውን በሙሉ ከፊቱ ዘርግቶ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያዝዘውም እሱ ነው። በካምፓኔላ ዘመን ቀኝ እጁን በጭኖቹ መካከል ሸሽጎ በጣቶቹ ለወርዋሪው ምልክት ይሰጥ ነበር፤ አንድ ጣት ፈጣን ኳስ፣ ሁለት ጣት የምትታጠፍ ኳስ ማለት ነው። ወርዋሪው ከተስማማ ይወረውራል፤ ካልተስማማ ራሱን ይነቀንቃል፣ ቀላቢውም ሌላ ያዛል። የተቃራኒው ቡድን ሯጭ ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ ወደ ሁለተኛው ቤዝ (ሯጮች ነጥብ ለማግኘት እየረገጡ ከሚያልፏቸው ማረፊያዎች አንዱ ነው) ሲፈተለክ፣ ቀላቢው ከቁጢጡ ተስፈንጥሮ ኳሷን ወደ 39 ሜትር አርቆ፣ ከሯጩ እግር ቀድማ እንድትደርስ ማድረግ አለበት። ይህን ሁሉ ሠርቶ ደግሞ ተራው ሲደርስ ዱላ ይዞ ይመታል።

ካምፓኔላ የተወለደው ኖቬምበር 19 ቀን 1921 ነው። አባቱ ጆን ከሲሲሊ የመጡ ስደተኞች ልጅ ሲሆኑ፣ እናቱ አይዳ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። አባቱ አትክልት በመነገድ ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ነበር። ልጁም ጫማ እየጠረገ፣ ጋዜጣ እየሸጠ፣ ጎህ ሳይቀድ ወተት በሚያድለው ጋሪ እየተሳፈረ ሳንቲም ያመጣል። አባቱ የአውሮፓ ዘር ቢሆኑም የተከፈተለት በር አልነበረም። የዚያን ጊዜዋ አሜሪካ ከወላጆቹ አንዱ እንኳ ጥቁር የሆነን ሰው በጥቁርነት ትመድብ ነበርና ሮይ ጥቁር ነው፤ ጥቁር ደግሞ ሜጀር ሊግ በሚባለው ትልቁ ሊግ አይጫወትም። በጽሑፍ የወጣ ሕግ አልነበረም። የቡድን ባለቤቶች ተስማምተው የዘጉት በር ነበር፣ ከተዘጋም ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነው ነው።

የሚጫወትበት ሌላ ዓለም ግን ነበር። ገና በ15 ዓመቱ የፊላደልፊያው ባካራክ ጃያንትስ ቅዳሜና እሑድ እንዲቀልብለት በ35 ዶላር ጠየቀው። እናቱ ሰንበት አክባሪ ነበሩና ልባቸው አልፈቀደም። የቡድኑ ኃላፊ ልጁ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳይስም እንደማይጫወት ቃል ገብቶ አስፈቀዳቸው። በዚያው በ1937 ደግሞ ጥቁሮች ከሚጫወቱበት ከኒግሮ ሊግ ዋሽንግተን ኤሊት ጃያንትስ ወሰደው። ያኔ የዋሽንግተን ጥቁሮች ትልልቅ የቤዝቦል ግጥሚያ የሚያዩት በግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። ዛሬ በቦታው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል፤ ከዚያ ጥቂት መንገድ ወረድ ብሎ ዩ ስትሪት አካባቢ እንጀራና ቡና የሚያዘው ሐበሻ ስንት ኳስ በተመታበት ሰፈር እንደሚመላለስ ብዙም አያውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ወደ ባልቲሞር ዞረ። ሮይ 16 ዓመት ሲሞላው ትምህርቱን አቋርጦ ነበር። እውነተኛ ትምህርት ቤቱ አውቶቡሱ ሆነ፤ መምህሩም ቢዝ ማኪ። ማኪ ዕድሜው አርባ አካባቢ የደረሰ፣ በኒግሮ ሊግ ታሪክ ከታላላቆቹ ቀላቢዎች አንዱ የሆነ ሰው ነው። ከቁጢጥ ሳይነሣ መወርወርን፣ እግርን ቀድሞ ማስተካከልን፣ መሬት የነካችውን ኳስ በሰውነት መከተርን ያስተማረው እሱ ነው። በተለይ ያስተማረው ግን ወርዋሪን መያዝ ነው። የተናደደውን ማብረድ፣ የፈዘዘውን መቆስቆስ፣ የትኛው መቺ የትኛዋን ኳስ እንደሚጠላ በአእምሮ መዝግቦ መያዝ። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ የለም። ሌሊት ሌሊት አውቶቡስ ውስጥ፣ በየመንገዱ ምግብ ቤት ጓሮ በር ላይ ቆመው ሳንድዊች ሲጠብቁ የሚወራ ነገር ነው።

በ1939 ማኪ ቡድኑን ለቀቀና ቦታው ለ17 ዓመቱ ልጅ ሆነ። በዚያው ዓመት ባልቲሞር በሊጉ የማጣሪያ ፍልሚያ ሆምስቴድ ግሬይስን አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። የግሬይስ ቀላቢ ጆሽ ጊብሰን ነበር፤ በጥቁሮቹ ሊግ በምት ኃይሉ የሚስተካከለው ያልነበረ ሰው። ልጁ ከዚያ ሰው ፊት ቆሞ አላፈረም።

የኒግሮ ሊግ ተጫዋች ዓመት ማብቂያ የለውም። በጋ በባልቲሞር፣ በክረምት ፖርቶ ሪኮ፣ ኩባ፣ ቬኔዝዌላ። ካምፓኔላ አንድ ጊዜ በአንድ ቀን አራት ጨዋታ መቅለቡን ራሱ ተርኳል። ሁለቱን በአንድ ከተማ፣ ሁለቱን ማታ በሌላ። እኔ አንዱን ብቻ በቴሌቪዥን ሳየው ጉልበቴን ያመኛል። በ1942 ከባልቲሞሩ ባለቤት ጋር ተጣልቶ ወደ ሜክሲኮ ሄደና ለሞንቴሬይ ተጫወተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እዚያው ነበር። ስፓኒሽኛ ለመደ። ሜክሲኮ ውስጥ ሆቴል ሲገባ በፊት በር ነው፣ ምግብ ቤት ሲቀመጥ ማንም አያነሣውም።

በዚያው 1942 የፒትስበርግ ፓይሬትስ ባለቤት ጥቁር ተጫዋቾችን እንፈትናለን የሚል ወሬ አስወርተው ነበር፤ ለካምፓኔላም ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው ግን በ«ይሁን እንጂ» የተሞላ ነበር። ከታች መጀመር ይኖርብሃል፣ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ዋስትና የለም። ሁሉንም እቀበላለሁ ብሎ ጻፈ። ፈተናው ግን ሳይደረግ ቀረ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ በ1945 ጥቅምት አካባቢ የኒግሮ ሊግ ምርጦች ከሜጀር ሊግ ተጫዋቾች ጋር ለገንዘብ ሲጋጠሙ፣ የነጮቹን ቡድን የሚመራው ቻርሊ ድረሰን ካምፓኔላን ጠጋ ብሎ የብሩክሊን ዶጀርስ ፕሬዚዳንት ብራንች ሪኪ እንደሚፈልጉት ነገረው። ሄደ። ሪኪ ሲጋራቸውን አፋቸው ላይ ሰክተው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከፊታቸው የተከመረውን ወረቀት እያገላበጡ ለሰዓታት አወሩ። ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ክብደቱ ያላወቁት ነገር የለም። ካምፓኔላ እምብዛም አልተናገረም። በዚያ ሰሞን ሪኪ ብራውን ዶጀርስ የሚባል አዲስ የጥቁሮች ቡድን ሊያቋቁሙ ነው ተብሎ ይወራ ነበርና፣ የሚያናግሩት ለእሱ መስሎት ሥራ እንዳለው ገልጾ በትሕትና ወጣ።

ከቀናት በኋላ ሃርለም ውስጥ በአንድ ሆቴል እንደ እሱ የኒግሮ ሊግ ተጫዋች ከሆነው ከጃኪ ሮቢንሰን ጋር ካርታ ሲጫወት፣ ሮቢንሰን ምስጢር አዋየው። ከሪኪ ጋር ተፈራርሟል፤ የሚሄደውም ለብሩክሊን ሥር ወዳለው፣ የነጮች ወደሆነው የሞንትሪያል ቡድን ነው። ኦክቶበር 23 ቀን ወሬው ይፋ ሆነ። ካምፓኔላ ያኔ ነው ምን እንደተባለ፣ ምን እንደመለሰ የገባው። ዕድል አንዴ ካለፈች አትመለስም ይባላል፤ እሱን ግን ተመልሳ አገኘችው። በ1946 መጀመሪያ ሪኪ እንደገና ጠሩትና ፈረመ። ነገሩን ስናወድስ አንድ ነገር አንርሳ። ሪኪ ሮቢንሰንን ሲወስዱ ለቀድሞ ቡድኑ ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ሳንቲም አልከፈሉም። የጥቁሮቹ ሊግ ያሳደጋቸውን ልጆች በነፃ ወይም በጥቂት ገንዘብ እየሰጠ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ራሱ ከሰመ።

ካምፓኔላን የት ይላኩት? ኢሊኖይ ውስጥ ያለ አንድ ቡድን አንቀበልም አለ። በመጨረሻ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ናሹዋ የምትባል የፋብሪካ ከተማ ተገኘች፤ በወር 185 ዶላር ነው፣ ባልቲሞር ከሚያገኘው እጅግ ያነሰ። አብሮት የተላከው ዶን ኒውኮምብ የ19 ዓመት ግዙፍ ወርዋሪ ነበር። አሰልጣኙ ዋልተር አልስተን ሲሆን፣ በኋላ ዶጀርስን ሃያ ሦስት ዓመት የመራው ሰው ነው። አልስተን ከተጫዋቾቹ በዕድሜም በልምድም ከፍ ያለው ካምፓኔላ መሆኑን ስላየ፣ እሱ ከሜዳ ቢባረር ቡድኑን እንዲይዝ አስቀድሞ ነግሮት ነበር።

ያ ቀን በሰኔ መጣ። ከማሳቹሴትሱ የሎውረንስ ቡድን ጋር ሲጫወቱ ዳኛው አልስተንን አባረረው። ናሹዋ በሦስት ነጥብ እየተመራ ነው። ካምፓኔላ በተራው መምታት የነበረበትን ተጫዋች አስቀምጦ ወርዋሪውን ኒውኮምብን ዱላ አስያዘው። ወርዋሪ እንዲመታ ማዘዝ በአብዛኛው የጨነቀው ሰው ሥራ ነው። ካምፓኔላ ግን ኒውኮምብ ዱላ ይችልበታል ብሎ ያምን ነበር። ኒውኮምብም ኳሷን ከአጥር ውጪ ላካት፣ ናሹዋም ከኋላ ተነሥቶ አሸነፈ። በዘመናዊው የነጮቹ ቤዝቦል ጥቁር ሰው ነጮችን ሲያዝዝ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ለጥቂት ዙር ብቻ ቢሆንም።

የናሹዋ ነገር ሲነሣ ጫጩቶቹ አይታለፉም። በአካባቢው ዶሮ የሚያረባ አንድ ገበሬ የቡድኑ ተጫዋች ሆም ራን (ከአጥር ውጪ የምትወጣ ምት) በመታ ቁጥር 100 ጫጩት እሸልማለሁ ብሎ ነበር። ካምፓኔላ በዓመቱ መጨረሻ ከሺህ በላይ ጫጩት ተሰልቶ ተሰጠው። አሽጎ ፊላደልፊያ ለአባቱ ላካቸው፤ አባቱም በእነሱ የዶሮ እርባታ ጀመሩ። የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተብሎ ተመረጠ፣ ግን ቤተሰቡ አስታውሶ የሚያወራው ዶሮዎቹን ቢሆን አይፈረድበትም።

በ1947 ሮቢንሰን ብሩክሊን ገባ፣ ካምፓኔላ እሱ የለቀቀውን ሞንትሪያል ተረከበ። በ1948 ኤፕሪል እሱም ብሩክሊን ደረሰ፤ ኤፕሪል 20 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በሜጀር ሊግ ሜዳ ተሰለፈ። አሰልጣኙ ሊዮ ዱሮቸር ቀላቢዬ ይህ ነው ብሎ ነበር። ሪኪ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። የአሜሪካን አሶሲዬሽን የሚባለው የመካከለኛው ምዕራብ ሊግ እስከዚያ ድረስ ጥቁር አላየም፤ ያንን በር የሚከፍትላቸው ሰው ፈለጉ። ካምፓኔላ ወደ ሚኒሶታ፣ ወደ ሴንት ፖል ወረደ። እሱ የታሪክ አቅኚ መሆን እንደማይፈልግ፣ ቤዝቦል ተጫዋች እንደሆነ ለሪኪ ነገራቸው፤ ግን ሄደ። በ35 ጨዋታ 13 ሆም ራን መታ። ሐምሌ መግቢያ ላይ ተመልሶ ተጠራ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ከቦታው አልነቀነቀውም።

ስለ እነዚያ ዓመታት ሲጻፍ ሮቢንሰን ተዋጊው፣ ካምፓኔላ ታጋሹ ተብለው ለሁለት ይከፈላሉ። ውሸት አይደለም። ሮቢንሰን ዳኛም ጋዜጠኛም ቢሆን ፊት ለፊት ይጋፈጣል፤ ካምፓኔላ ይስቃል፣ ያዋዛል፣ ዱላውን ይወለውላል። ሁለቱም በዚህ ልዩነት አንዳንዴ ተቀያይመዋል፣ ሮቢንሰን የካምፓኔላን ዝምታ እንደ ልፍስፍስነት የሚያይበት ጊዜ ነበር። እኔ ግን ቀላቢው የሚሠራውን ሥራ ያየ ሰው ይህን ፍርድ ለመቀበል ይቸገራል ባይ ነኝ። ሮቢንሰን በሜዳው መካከል ከነጮች እኩል ቆመ። ካምፓኔላ ደግሞ በሃያና በሠላሳ ሺህ ሕዝብ ፊት፣ በቀን ከመቶ ጊዜ በላይ፣ ነጭ ወርዋሪዎችን በጣቱ አዘዘ። ከነሱም አንዳንዶቹ በደቡብ፣ ጥቁርና ነጭ አንድ ጠረጴዛ በማይቀርብበት አገር ያደጉ ነበሩ። ወርዋሪው ሲደነብር ጭምብሉን አውልቆ፣ አጭርና ወፍራም ሰውነቱን እያወዛወዘ ወደ ጉብታው ይሄድና በዚያች ቀጭን ድምፁ ሁለት ቃል ጣል አድርጎ ይመለሳል። ካርል ኧርስኪን ሁለት ጊዜ፣ ሳል ማግሊ አንድ ጊዜ ለተቃራኒ ቡድን አንዲት ምት እንኳ ሳይፈቅዱ ጨዋታ ሲጨርሱ የቀለበላቸው እሱ ነው። ይህ ጥቁር ነጭን የማዘዝ ነገር ስም አልወጣለትም። እየተለመደ ሄደ፣ መለመዱም ነበር ድሉ።

በ1949 ሐምሌ ሮቢንሰን፣ ኒውኮምብ፣ የክሊቭላንዱ ላሪ ዶቢና ካምፓኔላ ሜጀር ሊጉ በሚከፈልባቸው በሁለቱ ሊጎች ምርጦች ግጥሚያ የተሳተፉ የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች ሆኑ። ግጥሚያው የተካሄደው በራሳቸው ሜዳ በኤቤትስ ፊልድ ነበር። ካምፓኔላ እስከ 1956 ድረስ በየዓመቱ ተመርጧል። ሳይታዩ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሮጠው ቤዝ ሊሰርቁበት ከሞከሩት ሯጮች በሜጀር ሊግ ዘመኑ ከመቶ 57 ያህሉን አስወጥቷል። በዚህ ረገድ በመዝገቡ ላይ እስከ ዛሬ የሚበልጠው የለም። ቢዝ ማኪ አውቶቡስ ውስጥ ያስተማረው ነገር ይህ ነው።

1951 የደስታም የኀዘንም ዓመት ነበር። 33 ሆም ራን መትቶ ዶጀርስ ያለበት የናሽናል ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ቡድኑ ግን ነሐሴ ላይ ከ13 ጨዋታ በላይ የነበረውን ብልጫ አባክኖ ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር ለመለያ ተዳረሰ። ኦክቶበር 3 ቀን የጃያንትሱ ቦቢ ቶምሰን ለቡድኑ ድሉን ያመጣችውን ያቺን የታወቀች ሆም ራን ሲመታ ካምፓኔላ እግሩን ታሞ ተቀምጦ ነበር። ከመቺው ጀርባ የነበረው ተተኪው ሩብ ዎከር ነው። የብሩክሊን ሰው ካምፓኔላ ቢኖር ኖሮ እያለ ዕድሜ ልኩን ተከራክሯል። ክርክሩ መቼም አይፈታም።

ከዚያ 1953 መጣ። 41 ሆም ራን፣ በምቱ ያስገባው 142 ነጥብ፣ ሁለተኛው የምርጥ ተጫዋች ሽልማት። ከሆም ራኖቹ 40ዎቹን የመታው በቀላቢነት ተሰልፎ ነበር፤ ያ ቁጥር እስከ 1996 ድረስ የሚሽረው አልተገኘም። ጉልበቱ እየታጠፈና እየተዘረጋ የዋለ ሰው ዱላ ይዞ እንዲህ መምታቱ ነው የሚገርመው።

ሰውነት ግን ዕዳውን አይረሳም። በ1954 የልምምድ ወቅት ግራ እጁ ተጎዳ። አጥንቱ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ነርቩ ታውኮ ጣቶቹ ደነዘዙ። ዱላውን ሲጨብጥ መጨበጡን በደንብ አይሰማውም። መምታቱ ከ312 ወደ 207 ወረደ፤ በቤዝቦል አቆጣጠር መቺው ከሺህ ሙከራ ስንቱ ይሳካለታል ማለት ነው። አልቆለታል ተባለ።

በ1955 ግን እንደገና ተነሣና 318 መታ፣ ሦስተኛውን ሽልማት ወሰደ። በሌላው ሊግ የዓመቱ ምርጥ የተባለው የያንኪስ ቀላቢ ዮጊ ቤራ ነበር። እንደ 1951ዱ ሁሉ ሁለቱም አክሊል ቁጢጥ ለሚሉ ሰዎች ሄደ። ሁለቱም የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች በሚጋጠሙበት በወርልድ ሲሪስ ተገናኙ። ብሩክሊን እስከዚያ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም፤ ካምፓኔላ ከገባ ወዲህ እንኳ በ1949፣ በ1952ና በ1953 በያንኪስ ተሸንፏል። በዚያ ዓመትም ሁለቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች ተሸነፉ። በሦስተኛው ካምፓኔላ ገና በመጀመሪያው ዙር ሆም ራን መታና ነፍስ ዘራባቸው። የዚያን ቀን ወርዋሪ ጆኒ ፖድረስ ነበር፤ ልደቱ ነው፣ 23 ሞላው።

ሰባተኛው ጨዋታ ኦክቶበር 4 ቀን በያንኪ ስታዲየም ሆነ። ፖድረስ እንደገና ጉብታው ላይ ወጣ። በአራተኛው ዙር ካምፓኔላ ሁለት ቤዝ የሚያስኬድ ምት መታና በጊል ሆጅስ ምት ገብቶ የመጀመሪያዋን ነጥብ አስቆጠረ። በስድስተኛው ተራው ሲደርስ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ነበር። ሕዝቡ ሆም ራን ሲጠብቅ፣ ከሊጉ ምርጥ መቺዎች አንዱ የሆነው ሰው ዱላውን አግድም ይዞ ኳሷን ነካ አደረጋትና እሱ ወጥቶ ሯጮቹ አንድ አንድ ቤዝ እንዲጠጉ አደረገ። ከዚያች ነገር ሁለተኛዋ ነጥብ መጣች። በዚያው ዙር ታች ዮጊ ቤራ በግራ ጥግ ያነጠራትን ኳስ ኩባዊው ሳንዲ አሞሮስ ሮጦ ሮጦ ቀለባት፣ ያንኪሶችም ተስፋቸው ተቆረጠ።

በመጨረሻው ዙር የቀረው መቺ ኤልስተን ሃዋርድ፣ የያንኪስ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው። ፈጣን ኳስ እየተወረወረለት እየጨረፈ አስቸገረ። ካምፓኔላ እንደገና ፈጣን ኳስ አዘዘ። ፖድረስ ራሱን ነቀነቀ። ካምፓኔላ አልገደደውም፤ እሺ አለው። የክንዱ ፍጥነት ያው ሆኖ ኳሷ ግን ዘግይታ መጣች፣ ሃዋርድ ወደ መሬት መታት፣ ፒ ዊ ሪስ አንሥቶ ለሆጅስ ወረወረ፣ ሁለት ለባዶ አለቀ። ማዘዝ የሚያውቅ ሰው መቼ መታዘዝ እንዳለበትም ያውቃል ካልን ለዚህ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

የቀሩት ሁለት ዓመታት ቁልቁለት ናቸው። እጁ ደጋግሞ ተጎዳ፤ በ1956 የመምታት ውጤቱ 219፣ በ1957 ደግሞ 242 ሆነ። በዚያው መከር ዶጀርስ ብሩክሊንን ትቶ ወደ ሎስ አንጀለስ እንደሚሄድ ታወቀ። በአዲሱ ሜዳቸው በኮሊሲየም የግራው አጥር ከመቺው 76 ሜትር ብቻ ይርቅ ነበርና፣ እንደ እሱ ወደ ግራ ለሚመታ ሰው የጡረታ ስጦታ ይመስል ነበር። ካምፓኔላ 36 ዓመቱ ነው፤ አንድ ሁለት ዓመት አያጣም።

ጃንዋሪ 28 ቀን 1958 ሌሊት ሃርለም ያለውን የመጠጥ መደብሩን ዘግቶ ሎንግ አይላንድ፣ ግሌን ኮቭ ወዳለው ቤቱ ነዳ። የራሱ መኪና ጋራዥ ስለነበረች የያዘው የኪራይ ሸቭሮሌ ነው። ለቤቱ ጥቂት ሲቀረው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪናዋ በረዶ ላይ ተንሸራተተች፣ ከስልክ እንጨት ተላትማ ተገለበጠች። እሳት እንዳይነሣ ሞተሩን ለማጥፋት እጁን ወደ ቁልፉ ሊዘረጋ እንደሞከረና እጁ አልታዘዝም እንዳለው በኋላ ተርኳል። አምስተኛውና ስድስተኛው የአንገቱ አጥንቶች ተሰብረው ነበር። ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉት፤ ከትከሻው በታች ያለው ሰውነቱ ግን ሽባ ሆነ። ለሎስ አንጀለስ አንድ ኳስ ሳይቀልብ ቀረ።

በኒው ዮርክ ዶክተር ሃዋርድ ረስክ በሚመሩት የማገገሚያ ተቋም ረጅም ጊዜ ቆየ። ክንዱን ማንቀሳቀስ፣ በመሣሪያ እየታገዘ መጉረስ፣ የሰው እጅ መጨበጥ ቻለ። በ1959 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በዚያው ዓመት ሜይ 7 ቀን ዶጀርስና ያንኪስ ለእሱ ክብርና ለሕክምና ወጪው ኮሊሲየም ላይ የወዳጅነት ጨዋታ አደረጉ። 93,103 ሰው መጣ። ያን ያህል ሰው ለሜጀር ሊግ ቡድኖች ጨዋታ ተሰብስቦ አያውቅም ነበር። የቀድሞው አምበል ፒ ዊ ሪስ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋ ሜዳ አስገባው፣ መብራቱ ጠፋ፣ ሕዝቡም ክብሪት ጫረ። ጨዋታውን ያንኪስ 6 ለ 2 አሸነፉ፤ በዚያች ማታ ይህን የሚያስታውስ የለም።

ከዚያ በኋላ 34 ዓመት ኖረ፤ ቁጢጥ ብሎ ከሠራበት ጊዜ ይበልጣል። ቤቱ ፈረሰ፣ እንደገና አገባ። በ1969 ወደ ኩፐርስታውን የዝነኞች አዳራሽ ሲገባ ከሜጀር ሊግ ተጫዋቾች ከሮቢንሰን ቀጥሎ ሁለተኛው ጥቁር ነበር። በ1972 ዶጀርስ የእሱን 39፣ የሮቢንሰንን 42ና የሳንዲ ኩፋክስን 32 ቁጥር በአንድ ቀን ማንም እንዳይለብሳቸው አደረገ። በ1978 ካሊፎርኒያ ገብቶ ከኒውኮምብ ጋር በቡድኑ የማኅበረሰብ ክፍል ሠራ። በየዓመቱ የልምምድ ወቅት ደግሞ ፍሎሪዳ፣ ቬሮ ቢች እየሄደ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ወጣት ቀላቢዎችን ያስተምር ነበር። ከተማሩበት አንዱ ማይክ ሲዮሻ ነው፤ በኋላ በ1981ና በ1988 ከዶጀርስ ጋር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው። ሲዮሻን ያስተማረው ማኪ ያስተማረውን ነው፤ የእግር አጣጣልን፣ ኳስ መከተርን፣ ወርዋሪ መያዝን። ጁን 26 ቀን 1993 በ71 ዓመቱ በልብ ድካም አረፈ።

በ2024 ሜይ ሜጀር ሊግ የኒግሮ ሊጎችን የ1920 እስከ 1948 ውጤቶች በራሱ መዝገብ ውስጥ አካተተ። ካምፓኔላ እናቱን አስፈቅዶ ከቤት ከወጣበት ዘመን ጀምሮ ከዋሽንግተንና ከባልቲሞር ጋር የመታቸው ምቶች ለብሩክሊን ከመታቸው 242 ሆም ራኖች ጋር አንድ ላይ መቆጠር ጀመሩ። የሞንቴሬይ ሁለት ዓመታትና በፖርቶ ሪኮ፣ በኩባና በቬኔዝዌላ ያሳለፋቸው ክረምቶች ግን አሁንም ከመዝገቡ ውጪ ናቸው።